የሁለት ቀን ጉዞ ወደ ደብረ ሊባኖስ፦ የአንድ የጉዞ ማኅበር አገልግሎት በእምነት ሚዛን

በየወሩ 24ኛው ቀን ሲቃረብ በአዲስ አበባ አብያተ ክርስቲያናት አጥር ላይ ከሚለጠፉት የጉዞ ማስታወቂያዎች አንዱ «እምነትዎን የሚያጸኑበት የሁለት ቀን ጉዞ ወደ ደብረ ሊባኖስ» የሚል ነበር። ከግርጌው ደግሞ በደማቅ ቀይ ቀለም «በእምነት ሄዶ ባዶ እጁን የተመለሰ የለም» የሚል መስመር ተጨምሮበታል። እኔም ተመዝግቤ ጥር 23 ሄድሁ፤ በማግስቱ የጻድቁን የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን የስባረ ዐፅም (እግራቸው የተሰበረበትን) በዓል አክብሬ ተመለስሁ። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ጉድለቶች በሌሎች ማኅበራትም እንደሚታዩ ከብዙ ተጓዦች ስለሰማሁ የማኅበሩን ስም አልጠቅስም። ይሁን እንጂ እምነት የሚለውን ቃል በአንድ ማስታወቂያ ላይ ሁለት ጊዜ ያሰፈረው ማኅበሩ ራሱ በመሆኑ፣ አገልግሎቱን በዚሁ ቃል ብመዝነው ቅር ሊሰኝ የሚችል አይመስለኝም።

ክፍያው ለአንድ ሰው 1,800 ብር ሲሆን የደርሶ መልስ መጓጓዣን፣ የአንድ ሌሊት ማረፊያን፣ ሁለት ጊዜ ምግብንና በመንገድ ላይ የሚሰጥ ትምህርትን ይጨምራል። ገንዘቡን በቴሌብር ከላክሁ በኋላ ደረሰኝ ብጠይቅ፣ ምዝገባውን የምታከናውነው እኅት ፈገግ ብላ «ወንድሜ፣ እኛ የምንሠራው በእምነት ነው፤ ደረሰኝ የለንም» አለችኝ። እኔም ፈገግ ብዬ አለፍሁት። በቋንቋችን እምነት የሚለው ቃል ወረቀት በሌለበት ቦታ ሁሉ እየተጠራ ጫናውን እንዲሸከም ይደረጋል፤ ባለሱቁ በዱቤ የሚሰጠው በእምነት ነው፣ ጎረቤት ቁልፍ የሚያስቀምጠው በእምነት ነው። እቁብ እንኳ ግን ዋስ ያስጠራል።

መነሻችን ከስድስት ኪሎ፣ ሰዓቱም ከንጋቱ 11 ሰዓት ተብሎ ነበር። የተነሣነው 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ለመዘግየቱ ምክንያት የሆነው ማኅበሩ ካለው ወንበር በላይ ሰው መመዝገቡ ሲሆን፣ ትርፍ የሆኑት አምስት ተጓዦች በመጨረሻ በመተላለፊያው ላይ በተደረደሩ የፕላስቲክ ዱካዎች እንዲቀመጡ ተደረገ። ሾፌሩ አልነሣም ብሎ ጥቂት ከተከራከረ በኋላ፣ ከእንጦጦ ጀርባ ያለውን መንገድ በቀስታ እንደሚነዳና ማንም ቢቸኩል እንደማይሰማው አስታውቆ ሞተሩን አስነሣ። እንዳለውም አደረገ። ሱሉልታን፣ ጫንጮንና ሙከ ጡሪን አልፈን ደብረ ጽጌ እስክንደርስ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ በጠመዝማዛ ላይ ሌላ መኪና ለመቅደም ሲሞክር አላየሁም። ከጉዞው ሁሉ ያለ አንዳች ቅሬታ የማመሰግነው እርሱን ነው።

ከሾፌሩ ቀጥሎ የምጠቅሰው መምህሩን ነው፤ እንዲያውም ከከፈልሁት ገንዘብ ግማሹ ለእርሱ ትምህርት ቢሰላ አልጎዳሁም። በሠላሳዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ የሚገኝ ዲያቆን ነው። ማይኩን እንደያዘ ስብከት አልጀመረም፤ «ማመን ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው?» ብሎ ጠየቀን። ከኋላ ወንበር አንድ ወጣት «እግዚአብሔር መኖሩን መቀበል» ብሎ ሲመልስ፣ መምህሩ የያዕቆብን መልእክት ምዕራፍ 2 ጠቅሶ «አጋንንት ደግሞ ያምናሉ ይንቀጠቀጡማል» የሚለውን አነበበ። አውቶቡሱ በሳቅ ተሞላ፤ ወጣቱም አብሮ ሳቀ። ከዚያ በኋላ የተሰጠው ትምህርት በሰንበት ትምህርት ቤት ባሳለፍኋቸው ዓመታት እንኳ በዚህ መልክ ተሰናስሎ ያልሰማሁት ነው።

መምህሩ የተነሣው ከቃሉ ሥር ነበር። አመነ የሚለው ግስ አማኝን፣ ምእመንን፣ ታማኝንና መታመንን ይወልዳል፤ በጸሎት መጨረሻ የምንለው አሜንም የዚሁ የሴም ቋንቋዎች ሥር ልጅ ነው። በግእዝ ሃይማኖት የሚለው ቃል ዛሬ በአማርኛ ለሁለት የተከፈለውን ነገር በአንድነት ይዞ የቆየ ነው፤ እኛ ሃይማኖትን ለትምህርቱና ለሥርዓቱ፣ እምነትን ደግሞ ለልብ ውሳኔ ስንለያያቸው፣ አባቶች ግን «ሃይማኖት፣ ተስፋ፣ ፍቅር» ሲሉ ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈውን እምነት ማለታቸው ነበር። ስለዚህም በቅዳሴ የምንደግመው ጸሎተ ሃይማኖት የእውቀት ዝርዝር ብቻ ሊሆን አይችልም። ይህን ካለ በኋላ ወደ ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 17 ወሰደን። እስራኤል ከዐማሌቅ ጋር ሲዋጉ ሙሴ እጆቹን ያነሣል፤ እጆቹ ሲዝሉ አሮንና ሖር በግራና በቀኝ ይደግፉታል፤ ፀሐይ እስክትገባ ድረስም እጆቹ ጸኑ ይላል። ያ ጽናት በዕብራይስጡ የተነገረበት ቃል ኋላ እምነትና ታማኝነት ተብሎ የሚተረጐመው ቃል ነው። በሌላ አነጋገር፣ እምነት በመጀመሪያ የሚታየው በደከሙና በተደገፉ እጆች ላይ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ጸሎተ ሃይማኖት ለምን «ነአምን» ብሎ በብዙ ቁጥር እንደሚጀምር አስረዳን። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት 318ቱ ሊቃውንት፣ ከእነርሱም በኋላ በ381 በቁስጥንጥንያ የተሰበሰቡት አባቶች ያቆሙት ቃል በምእመናን አፍ ውስጥ የሚገኘው «እናምናለን» ተብሎ ነው። ዛሬ ልቡ የቀዘቀዘበት ሰው ቃሉን ከሌሎች ጋር ይላል፤ ሌሎቹ ይይዙታል። የታመመ ልጁን ወደ ጌታ ያመጣው አባት በማርቆስ ወንጌል «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ማለቱን መምህሩ ያነሣው እዚህ ላይ ነበር። ይህ ሰው እምነቱ ሙሉ እስኪሆን ድረስ ልጁ ቆይ አልተባለበትም።

አንድ ጥያቄ ከመካከላችን ተነሣ፤ ሰው የሚጸድቀው በእምነት ነው ወይስ በሥራ? ይህ ክርክር ለእኔ እንግዳ አይደለም፤ ታላቅ እኅቴ ወንጌላዊት አማኝ በመሆኗ በቤታችን በየበዓሉ ዶሮ ወጡ ከመቅረቡ በፊት የሚቀርብ ምግብ ነው። መምህሩ ማንንም ሳይነቅፍ የመለሰበት መንገድ አስደስቶኛል። ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ ስለ አብርሃም የሚጠቅሰው ከዘፍጥረት ምዕራፍ 15 ነው፤ አብርሃም ገና ሳይገረዝ፣ ልጅም ሳይኖረው፣ ከዋክብትን ቁጠር ተብሎ ባመነ ጊዜ ጽድቅ ሆኖ ተቆጠረለት። ያዕቆብ ደግሞ ያንኑ ቃል ቢጠቅስም ዓይኑን የሚያሳርፈው በምዕራፍ 22 ላይ ነው፤ ይስሐቅ ተወልዶ፣ አድጎ፣ በመሠዊያው ላይ የተጋደመበት ቀን ነው። ሁለቱ ሐዋርያት ስለ አንድ ሰው ሕይወት ሁለት ቀኖች ይናገራሉ፤ በቀኖቹ መካከል ብዙ ዓመታት አሉ። አብርሃም ከካራን ሲወጣ 75 ዓመቱ፣ ይስሐቅ ሲወለድለት 100 ዓመቱ ነበር፤ ያመነበትና የተፈጸመለት ነገር 25 ዓመት ተራርቀዋል። «በእነዚህ 25 ዓመታት ውስጥ አብርሃም ምን ነበረው ትላላችሁ?» ብሎ ማይኩን ዝቅ አደረገ። ማንም አልመለሰም። ለእኅቴ ይህን ብነግራት ክርክራችን ያልቃል ብዬ ተስፋ አላደርግም፤ ቢሆንም በማስታወሻዬ ጽፌዋለሁ።

ከደብረ ጽጌ በኋላ ማይኩን የማኅበሩ አስተባባሪ ተረከበ። የአገልግሎቱ ትልቁ ጉድለት ያለው ከዚህ ላይ ነው፤ ዱካውንና መዘግየቱን ከዚህ ጋር አላስተካክልም። አስተባባሪው ባለፉት ጉዞዎች የተሳተፉ ሰዎችን ምስክርነት አንድ በአንድ አሰማን፤ አንዷ ቪዛ ተመታላት፣ አንዱ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጣለት፣ ሌላው ለዓመታት የታገደ ገንዘቡ ተለቀቀለት። ሰዎቹ ማመስገናቸው ተገቢ ነው፤ የተደረገለት ሰው ዝም ቢል ጥፋት ነው። ነገር ግን ከእያንዳንዱ ታሪክ በኋላ «ምክንያቱም በእምነት መጣ» የሚል ማሳረጊያ ይከተል ነበር፤ ከመጨረሻው ታሪክ በኋላም ለቀጣዩ ጉዞ የሚሆን የስእለት ፖስታ በየወንበሩ ዞረ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ፖስታውን ተቀብለው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት፤ ምን እንዳደረጉበት አላየሁም።

የአስተባባሪው ንግግር መምህሩ ከአንድ ሰዓት በፊት ያስተማረውን ያፈርሳል። ማስታወቂያው ላይ እንዳለው በእምነት ሄዶ ባዶ እጁን የተመለሰ ከሌለ፣ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው እምነት አልነበረውም ማለት ነው፤ ታማሚም በበሽታው ላይ ሐፍረት ይጨመርበታል። ስለ እምነት በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ በስፋት የተነገረበት የዕብራውያን መልእክት ምዕራፍ 11 ግን ለዚህ ዓይነት ስሌት አይመችም። የአንበሶችን አፍ የዘጉትን፣ የእሳትን ኃይል ያጠፉትን፣ ሙታናቸውን በትንሣኤ የተቀበሉትን ከዘረዘረ በኋላ «ሌሎችም» ይልና ስለ ተገረፉት፣ በድንጋይ ስለ ተወገሩት፣ በመጋዝ ስለ ተሰነጠቁት፣ የበግና የፍየል ሌጦ ለብሰው ስለ ተንከራተቱት መናገር ይጀምራል። መሥመር አልለየም፤ የዳኑትንም የሞቱትንም በአንድ ምዕራፍ፣ በአንድ እምነት ጽፎአቸዋል። በትንቢተ ዳንኤል የሚነገርላቸው ሦስቱ ወጣቶች፣ ሠለስቱ ደቂቅም፣ በእቶኑ አፍ ላይ ሆነው አምላካችን ሊያድነን ይችላል ካሉ በኋላ፣ ባያድነን እንኳ ለምስሉ አንሰግድም ብለዋል። ይህን የመጨረሻውን ሐረግ በጉዞ ማስታወቂያ ላይ ተጽፎ አይቼ አላውቅም።

እነዚያን «ሌሎች» ለማስታወስ ከደብረ ሊባኖስ የተሻለ ቦታ አልነበረም፤ ማኅበሩ ግን ሳይነካው አለፈ። በኢጣልያው እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ከተደረገው የየካቲት 12 ቀን 1929 የግድያ ሙከራ በኋላ የፋሺስት ጦር ገዳሙን ተጠያቂ አድርጎ፣ ግንቦት 12 ለሚከበረው ለጻድቁ ፍልሰተ ዐፅም በዓል የተሰበሰቡትን መነኮሳትና ምእመናን ይዞ በማግስቱ ግንቦት 13 ቀን 1929 በዚያው አቅራቢያ ረሸናቸው። ግራዚያኒ ወደ ሮም በላከው ቴሌግራም የተገደሉት መነኮሳት 297 እንደሆኑ ገልጿል፤ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ግን የሟቾችን ቁጥር ከሺህ በላይ ያደርሱታል። እነዚያ ተጓዦች ከእኛ የሚለዩት በአውቶቡስ ባለመምጣታቸው ነው፤ እነርሱም የመጡት ለበዓል ነበር፣ በእምነትም ነበር፣ አልተመለሱምም። አስተባባሪው በሩቅ ስለሚገኙ ሰማዕታት ሲተርክልን ቆይቶ ወደ ገዳሙ መታጠፊያ ስንደርስ ስለ ጭላዳ ዝንጀሮዎችና ስለ ሸለቆው ውበት ነገረን። ውበቱ እውነት ነው፤ መሬቱ በድንገት ተቆርጦ ወደ ታች ሲወርድ ማንም ሰው ዝም ይላል። ቢሆንም በዚያ ገደል አፋፍ ላይ ስለ ዝንጀሮ ብቻ መናገር ለእኔ ከአገልግሎት ጉድለት ይቆጠራል።

በገዳሙ ስለተደረገልን አቀባበል የማነሣው ቅሬታ የለኝም፤ ምክንያቱም ያስተናገዱን ማኅበሩ ሳይሆን የገዳሙ አባቶችና እናቶች ናቸው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ተክለ ሃይማኖት ደብረ አስቦ ተብሎ ይጠራ በነበረው በዚህ ቦታ የመሠረቱት ገዳም፣ ዛሬ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሠራው ትልቁ ቤተ ክርስቲያን ቆሞበታል፤ የመስኮቶቹ ባለቀለም መስታወት ሥዕሎች የአፈወርቅ ተክሌ ሥራ ሲሆኑ ጠዋት ፀሐይዋ ስትገባባቸው ወለሉ ላይ ቀይና ሰማያዊ ይወርዳል። ሌሊቱን ማኅሌት ቆመን አደርን፤ ቆምን ማለቴ መቋሚያ ተደግፈን ነው። ጻድቁ በአንድ እግራቸው 7 ዓመት ቆመው እንደጸለዩ ገድላቸው የሚናገርበትን በዓል ለማክበር መጥቶ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ጉልበቱን የሚያሸት ሰው ምን ዓይነት ትዝብት ላይ እንደሚወድቅ እዚያ የነበረ ያውቀዋል። ማረፊያው ሰሌን የተነጠፈበት አዳራሽ ነው፤ ብርዱ ጠንካራ ስለሆነ ጋቢ ሳይዝ የሚሄድ ሰው ይጸጸታል፤ ውኃ ቀንሶ ነበር። ስለ ማረፊያው ከዚህ በላይ የሚባል የለም።

ጠዋት ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ወዳለው ዋሻና ጠበል ወጣን። በአውቶቡስ አጠገቤ የነበሩት እናት ዳገቱን ሲወጡ ሁለት ወጣቶች፣ አንዱ ያ ከኋላ ወንበር የመለሰው ልጅ ነበር፣ ሳይጠየቁ በግራና በቀኝ ክንዳቸውን ያዙላቸው። መምህሩ ይህን አይቶ ከሆነ አንዳች አልተናገረም፤ እኔ ግን ዘጸአት 17ን ለማስታወስ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። ሲወርዱ በድንጋይ ላይ አረፍ ብለው ከቋጠሩት ቆሎ ዘገኑልኝ።

«እማማ፣ ምን ተስለው ነው የመጡት?» አልኋቸው።

«ዘንድሮስ ለምስጋና ነው የመጣሁት፣ ልጄ። አምና ለታመመ ልጄ ነበር የለመንሁ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዳነልዎ ማለት ነው?»

«አይ፣ አልዳነም» አሉና ቆሎውን ጨምረው ዘገኑልኝ።

ይህን መልስ አስተባባሪው በማይክ ቢያሰማው ምን ማሳረጊያ ያደርግለት እንደነበር አላውቅም። እማማ ግን ከዚያ በላይ አላብራሩትም፤ እኔም ማስረዳት የሚገባቸው አድርጌ ልጠይቃቸው አልደፈርሁም።

አንድ ሌላ ነገር ሳልጠቅስ አላልፍም። በቤተ ክርስቲያናችን ልማድ፣ ሕሙማን የሚቀቡት ከቤተ መቅደስ የሚሰጠው አመድ ወይም አፈር እምነት ይባላል፤ «እምነት ተቀባሁ» ማለት የተለመደ ነው። በዋሻው አጠገብ አንድ አረጋዊ መነኩሴ ከቅል ውስጥ በማንኪያ እየቆነጠሩ ለመጣ ሁሉ በአሮጌ ጋዜጣ ቁራጭ ይጠቀልሉ ነበር። ገንዘብ ልሰጣቸው እጄን ብዘረጋ እጄን በመስቀላቸው ነክተው «ይህ አይሸጥም፤ ለቤተ ክርስቲያን የምትሰጠው ካለህ ሙዳየ ምጽዋቱ እዚያ ነው» አሉኝ። ከሁለት ሰዓት በኋላ በአውቶቡሱ ውስጥ የማኅበሩ ረዳት በትንንሽ የላስቲክ ከረጢት የታሰረ እምነት «ላልደረሳችሁ» እያለ በ50 ብር ሲያዞር አየሁት። መምህሩ ተነሥቶ በጆሮው አንድ ነገር ከነገረው በኋላ ከረጢቶቹ ወደ ዘንቢል ተመለሱ፤ ለእማማ አንዱ በነፃ ተሰጣቸው። ነገሩ በዚህ መዘጋቱ ጥሩ ነው፤ መጀመሩ ግን ማኅበሩ ራሱን እንዲመረምር የሚያስገድድ ይመስለኛል። በሕጋችን እምነት ማጉደል ተብሎ የተደነገገ ወንጀል መኖሩን ለሚያስታውስ ሰው፣ የተቀደሰውን እምነት ለንግድ የሚያቀርብ እጅ ቃሉን በሁለቱም ትርጉሙ አጉድሎታል።

ምግብን በሚመለከት፣ ቃል የተገባልን ሁለት ጊዜ ነበር። የመጀመሪያው በገዳሙ የተሰጠን ጸበል ጻዲቅ ሲሆን፣ ሽሮውና ዳቦው ትኩስ ነበር፤ ይህንንም ያቀረበው ገዳሙ ነው። ሁለተኛው ምሳ ሙከ ጡሪ ላይ ይሰጣል ተብሎ አንድ አንድ ሙዝና ግማሽ ዳቦ ሆኖ ቀረበ። አንዳንዶች አጉረመረሙ፤ አስተባባሪው «በረከት ነው፣ በእምነት ብሉት» አለ። እኔም በላሁት፤ ነገር ግን የዚያኑ ዕለት ማታ ለምዝገባዋ እኅት ደውዬ ምሳው እንዳልተሰጠን፣ ትርፍ ሰው እንደተጫነ፣ የእምነቱንም ነገር ሳላከብድ ሳላቀል ነገርኋት። አቋርጣኝ አልተከራከረችም። ከሦስት ቀን በኋላ በስልኬ 200 ብር ገባ፤ «የምሳው ነው፣ ለሁሉም ተልኳል፣ ይቅርታ» የሚል መልእክት ተከተለው። አብረውኝ የሄዱ ሁለት ሰዎችን ጠይቄ ለእነርሱም መላኩን አረጋግጫለሁ።

ስለዚህ ጉዞው ማንን ይመቸዋል ብባል፣ ትምህርት ፈልጎ የሚሄድ ሰው አያፍርም እላለሁ፤ ከፊት ለፊት ባሉት ወንበሮች ቢቀመጥ ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማዋል። ሕመምተኛ ይዞ የሚሄድ ሰው ግን አስቀድሞ ወንበሩ የተረጋገጠ መሆኑን በስም ይጠይቅ፤ ከደብረ ጽጌ በኋላ የሚነገረውንም ለሕመምተኛው ሳያሰማ ቢያልፍ ይሻላል። ስንቅ፣ ጋቢና የእጅ ባትሪ መያዝ ግዴታ ነው። ማኅበሩ የማስታወቂያውን የታችኛውን መስመር ቢያነሣው ከሁሉ በላይ ደስ ይለኛል፤ ይህንንም በጽሑፍ ሰጥቻቸዋለሁ፣ እስካሁን መልስ አላገኘሁም።

ለግንቦት 12ቱ ጉዞ ደግሞ ተመዝግቤአለሁ። መምህሩ በዚያን ቀን ስለ 1929ኙ ሰማዕታት እንዲያስተምር ጠይቄ እሺ ብሎኛል። ደረሰኝ አሁንም የለም፤ እኅታችን ግን ስሜንና የወንበሬን ቁጥር በደብተሯ ላይ ስትጽፍ አጠገቧ ቆሜ አይቻለሁ።